ከዚራ ውስጥ አሮጌ ቤት ስናይ

ድሬዳዋ ሁለት ከተማ ናት። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደቻቱ ወንዝ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በአንደኛው ዳር መጋላ አለ፤ ጠባብ መንገድ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ከማለዳ ጀምሮ ጫጫታ። በሌላኛው ዳር ከዚራ ነው፤ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ ግራና ቀኝ ጥላቸውን የጣሉ ዛፎች፣ ከአጥር ጀርባ በረንዳቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ፎቅ የሌላቸው አሮጌ ቤቶች። ለቅዳሜና እሑድ የመጣ እንግዳ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ፎቶ ይነሳል፣ ጥላው ሥር ቡና ይጠጣል፣ አንዱን በረንዳ አሻግሮ እያየ «ምናለ እዚህ ቤት ብኖር!» ብሎ ይመለሳል።

እኛ ይህን ምኞት በሜትርና በካቻቢቴ ልንፈትሸው ነው የሄድነው። የእህቴ ባለቤት ሥራው ወደ ድሬዳዋ ተዛውሯል። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየማቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አብራቸው የምትኖረው እናታችን በጉልበቷ ሕመም ምክንያት ደረጃውን የምትወርደው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለት ሰው ደግፏት። ኮንዶሚኒየሙን ሸጦ ደረጃ የሌለው፣ ግቢ ያለው ቤት መግዛት የሚለው ሐሳብ እዚያ ቤት ውስጥ ከተነሳ ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። የሚሸጠው ግን ያላቸው ሁሉ ነው። የተገዛው ቤት ጉድ ይዞ ከተገኘ ሌላ የሚሸጡት የላቸውም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው የወሰደን የባጃጅ ልጅ፣ ዕድሜው ከሃያ ያልዘለለ፣ ታላቅ እህቴን «አንቺ፣ ቤት ልትገዢ ነው እንዴ? አቦ ከዚራን ያዢ!» አላት። ድሬዎች አንቱታ አያበዙም። እህቴ የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ ቅር አላት፤ በሁለተኛው ቀን እሷም ሁሉንም «አንተ» ትል ጀመር።

ከዚራን ለመረዳት ከባቡሩ መጀመር ያስፈልጋል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ ሲል መስመሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ከተማዋ የተወለደችው ያኔ ነው። የምድር ባቡሩ ኩባንያ ጣቢያውንና የጥገና ወርክሾፑን ሠራ፤ በዙሪያውም ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀየሱ። የፈረንሳይ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ሰፈሩ። የድሬ ሽማግሌዎች ዛሬም ባቡሩን «ሸሚንደፈር»፣ የባቡሩን ሠራተኛ «ሸሚኖ» ይሉታል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የከዚራ መንገዶች ግን አሁንም ወደ አሮጌው ጣቢያ ይመለከታሉ።

ይህ ታሪክ ለጎብኚ ጌጥ ነው። ለገዢ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው፦ ይህ ቤት የማን ነው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀረለት። ኪራያቸው በወር ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። እንደ ከዚራ ባለ ሰፈር፣ ባለ ሀብቶች ከአንድ በላይ ቤት በነበራቸውና ኩባንያ ለሠራተኛው ቤት በሠራበት ቦታ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መንትያ ቤቶች አንዱ የግል፣ ሌላው የመንግሥት ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ደላላ ካሳየን ሦስት ቤቶች አንዱ እንዲህ ያለ ነበር። «ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ነው፣ ማንም አይነካችሁም፣ ቁልፉን ነው የምትገዙት» አለን። ቁልፍ መግዛት ቤት መግዛት አይደለም። የመንግሥት ቤት ተከራይ ሊሸጥልዎ የሚችለው የራሱ የሆነ ነገር የለውም። ሻይ እንኳ ሳንጠጣ ወጣን።

ሁለተኛው ቤት ሁላችንንም ያዘን። ባለቤቷ የሟች ሸሚኖ ባለቤት ናቸው፤ ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ በረንዳቸው ላይ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀበሉን እናት። ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ አንዱ ኒም ሲሆን ሌላው በመላው አገሪቱ በከተማዋ ስም «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚባለው፣ ሲያብብ እሳት የለበሰ የሚመስለው ነው። ከበር እስከ ጓዳ አንድ ደረጃ ብቻ። እህቴ በረንዳው ላይ ቆማ እናታችን የምትቀመጥበትን ቦታ በዓይኗ ስትለካ አየኋት። ልብ እንዲህ ሲሄድ ነው ሜትርና ካቻቢቴ የሚያስፈልገው።

እኛ የደረስነው በግንቦት ነው፤ ድሬ የምትነድበት ወር። ደላላው በጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንድናይ ፈልጎ ነበር። በጠዋት ሁሉም ቤት ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በራሳችን ምርጫ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከተማው በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ጥላ ሥር በተጋደመበት ሰዓት ተመልሰን ሄድን። አዲስ አበባ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ ስለ ሙቀት ማሰብ አታውቅም፤ ድሬዳዋ ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ የቤት ዋናው ፈተና ፀሐይ ነው። አሮጌው ቤት ፈተናውን አለፈ ማለት እችላለሁ። የግድግዳውን ውፍረት በመስኮቱ በኩል ለካነው፤ 55 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ። የኮርኒሱ ከፍታ አራት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከኮርኒሱ ሥር የሞቀ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ መስኮቶቹ ደግሞ አየር እያሳለፉ ፀሐይ የሚከለክሉ በእንጨት የተሠሩ ናቸው። በረንዳው በምዕራብ በኩል ስለሚዞር የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን አያገኘውም። የሠሩት ሰዎች ቬንትሌተር ከመምጣቱ በፊት ነው የሠሩት፤ ያለ እሱ መኖርን አስበውበታል።

ከኋላ በኩል ግን በቅርብ ዓመታት የተቀጠሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። የቀጭን ብሎኬት ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለም። በዘጠኝ ሰዓት እዚያ ውስጥ አምስት ደቂቃ መቆም አልቻልንም። የሽያጭ ማስታወቂያው «ስድስት መኝታ ክፍል» ይላል። የእህቴ ባለቤት ወረቀቱ ላይ ስድስትን ሰርዞ አራት ጻፈ። በዚህ ላይ የተቀጠሉት ክፍሎች የግንባታ ፈቃድ እንዳላቸው የሚያሳይ ነገር አልቀረበልንም፤ ካርታው ላይ ያለው ንድፍም አያሳያቸውም። ፈቃድ የሌለው ቅጥያ ዋጋ ሲደራደሩ እንደ ቤት መቆጠር የለበትም።

የግድግዳው ነገር ረጅም ጊዜ ወሰደብን። አብሮን የመጣው ግንበኛ ከዚህ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። ጣቱን አጥፎ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እያንኳኳ ዞረ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንድ ቦታ አብጦ ተቀርፏል፣ ሥሩም ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው አውጥቷል። «ቤቱ አልታመመም፣ ልብሱ ነው ያልተስማማው» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው የድንጋይ ግድግዳ በኖራ የተገነባና የተለሰነ ነበር። ኖራ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ቀስ እያለ ያስተነፍሰዋል። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች የተቀረፈውን በሲሚንቶ ለሰኑት፤ በላዩም ዘይት ቀለም ቀቡት። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ሲሚንቶውን ገፍቶ ይጥለዋል። መድኃኒቱ ሌላ የሲሚንቶ ልስን መደረብ አይደለም፤ እስከ ድንጋዩ ድረስ ልጦ ማስተንፈስና በኖራ መለሰን ነው። ይህን የሚያውቅ እጅ ዛሬ ብዙ አይገኝም፤ ሥራው ጊዜ ይበላል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቤት ሲያዩ ደስ አይበልዎ፤ ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ይጠይቁ። እኒህ እናት ቤታቸውን ለሽያጭ ብለው አለመቀባታቸው ከሁሉ በላይ ያስመሰግናቸዋል።

ስንጥቅ አለ። ከበሩ መቃን አናት ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ አንድ ስንጥቅ። ሰያፍና ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የመሠረት ወሬ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነው ብዙ ጊዜ የልስን ብቻ ነው። ይኼኛው ሁለቱም አይደለም። ግንበኛው ስንጥቁ ላይ በጄሶ ትንሽ ማኅተም አድርጎ ቀኑን በእርሳስ ጻፈበት። ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጄሶው ይሰነጠቃል። ይህ የሁለት ብር ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ።

ጣሪያው ላይ እሱ ራሱ ወጣ። ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ መብራቱን ሲያጠፋ ቆርቆሮው ላይ እንደ ኮከብ የሚያበሩ ቀዳዳዎች ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት። ቆርቆሮ ይቀየራል። ያስፈራን እንጨቱ ነበር። ማገሩን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረገው። አብዛኛው ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ በወጥ ቤቱ በኩል ያሉት ሁለቱ ግን ካቻቢቴውን እስከ እጀታው ዋጡት። አሸንዳው እዚያ ጋ ተሰብሮ ዓመታት ሙሉ ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። አሮጌ ቤት የሚሞተው በትልቅ ነገር አይደለም ይላል ግንበኛው፤ በተሰበረ አሸንዳ ነው።

ስለ መብራቱ አጭር ነው፦ በሙሉ ይቀየራል። ሽቦው ጎማው የደረቀና የሚፈረፈር ነው፤ ፊውዙ ሸክላ ነው። እናታችን ያለ ቬንትሌተር እዚህ መኖር ስለማትችል፣ ማቀዝቀዣና ምጣድም ሲጨመር፣ ቆጣሪውም ጭምር መታየት አለበት።

ውኃው የድሬ ትልቅ ጉዳይ ነው። የከተማዋ ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ማዕድን የበዛበት ነው፤ ማንኛውም ድሬ ቤት ገብተው የሻይ ጀበናውን ውስጥ ቢያዩ እንደ ኖራ የተጋገረ ነጭ ነገር ያገኛሉ። ያ ነገር በቧንቧው ውስጥም ይጋገራል። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈትን፤ ጥሩ ይወርዳል። እሱን ሳንዘጋ የወጥ ቤቱን ስንከፍት የመጀመሪያው እንደ ክር ቀጠነ። የአሮጌ ብረት ቧንቧ ውስጡ ጠብቦ እርሳስ የማያስገባ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ መክፈት ማንም ያለ ባለሙያ የሚያደርገው ምርመራ ነው፤ ሽንት ቤቱን አብሮ ቢለቅቁት ደግሞ የበለጠ ይነግርዎታል። የቆሻሻ ጉድጓዱን ክዳን ግን አይዝለሉት። እኛ ስናስከፍት የኒሙ ሥር ውስጡ ገብቶ እንደ ፀጉር ተንዠርግጎ አገኘነው። ዛፉ ያማረበት ምክንያት ታወቀ ማለት ነው።

በድሬዳዋ ቤት የሚያይ ሰው ስለ ደቻቱ ሳይጠይቅ መሄድ የለበትም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከተማው በተኛበት ሌሊት፣ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ደቻቱን አደገኛ የሚያደርገው ጎርፉ የሚመጣው ከደንገጎና ከዚያ ወዲያ ካለው ተራራ መሆኑ ነው፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከብ እየታየ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ቤቱ ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅ በእግራችን ሄደን አየን፤ በመካከሉ መሬቱ ወደየት እንደሚያዘነብል ልብ አልን። ከዚያም የድሮ ጎረቤት ፈልገን ጠየቅን። ከመንገዱ ማዶ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ማዕዘኑ ቤት አሳዩን። «እዚያ ድረስ ነው የመጣው። እዚህ አልመጣም። ወላሂ ብዋሽህ ምን አገኛለሁ?» ለእህቴ ባለቤት ነው። እኛም ማዕዘኑን ቤት አየን፤ የአጥሩ ሥር ላይ ያለው መስመር ዛሬም አልጠፋም።

ከእኒሁ ሰው ጋር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የትኛው ግቢ ማታ ሙዚቃ እንደሚከፍት፣ እድሩ አዲስ ገቢ እንዴት እንደሚቀበል የነገሩን እሳቸው ናቸው። ሰፈር አብሮ የሚገዛ ነገር ነው፤ ካርታ ላይ ግን አይጻፍም። ከዚራ ማታ ልዩ ናት። ፀሐይ ስትበርድ ወንበሮች ወደ መንገድ ይወጣሉ፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ የተዘጋው ሱቅ ይከፈታል። የእህቴ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት በኮንዶሚኒየም ኮሪደር አድገው የማያውቁትን ነገር በአንድ ማታ አዩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም ግድግዳው ሳይሆን ወረቀቱ ነው ያቆመን። ካርታው የግል ይዞታ ነው፤ ሆኖም ስሙ የሟቹ ነው። እማማ የጋራ ንብረቱን ድርሻቸውን ይዘዋል፤ የባላቸው ድርሻ የወራሾች ነው። አምስት ልጆች አሉ። አንዱ ጅቡቲ፣ አንዷ ካናዳ፣ አንዷ ጅዳ፣ ሁለቱ እዚሁ። እማማ «ልጆቼ ቃሌን አያጥፉም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ይሆናል። ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በቃል አይጸናም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከያንዳንዱ ወራሽ ፊርማ ወይም በአገባቡ የተረጋገጠ ውክልና፣ ቤቱ በባንክ ብድር ወይም በፍርድ ቤት ያልታገደ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህ ሳይሟላ ቀብድ መክፈል ክርክር መግዛት ነው።

ሌላው ብዙ ገዢ የሚረሳው ወጪ ሊዝ ነው። ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደንግጓል። ማለትም ለሻጭ ከሚከፈለው ሌላ ለመሬቱ በየዓመቱ የሚከፈል ዕዳ ከገዢው ጋር ይመጣል። ስሌቱን ከደላላ አይስሙ፤ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ለዚያ ቦታ፣ ለዚያ ስፋት፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። በዚያው መንገድ ሁለት ነገር ጨርሱ። አንደኛው የመንገድ ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ነው፤ የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞች ገብቷል፣ ፒያሳና ካዛንቺስ የሆኑትን ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይንቀውም። ሁለተኛው ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ነው። ከተመዘገበ ቅርስን የሚመለከተው የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መጠገንና መቀየርን ይከለክላል። እኔ ቅርስነቱን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ጎረቤቱ ነገ አሥር ፎቅ እንዳይደፋብዎ የሚጠብቅዎ እሱ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ክፍል አፍርሶ ሦስት ልሠራ ብሎ ያሰበ ሰው ሳይገዛ ይወቀው።

ማታ ሆቴላችን ውስጥ አንድ ወረቀት ላይ ደመርን። ጣሪያና ሁለት ማገር፣ መብራት በሙሉ፣ ቧንቧ በሙሉ፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ እስከ ጉልበት ልስን፣ ሊዝ። የእህቴ ባለቤት አዲስ በሚሠራው የከተማው ዳርቻ ትንሽ ቤት ይሻላል ወደሚለው አዘነበለ፤ ዋጋው አይለያይም፣ ጥገና የለውም አለ። ያንንም በማግሥቱ በዘጠኝ ሰዓት ሄደን አየነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ ዛፍ የሌለበት ሜዳ፣ የሚያንፀባርቅ ሴራሚክ። ሲገባ ያምራል። ሩብ ሰዓት ስንቆይ ልጆቹ ውጪ እንውጣ ብለው ለመኑ። እናታችን ቀኑን ሙሉ የምትውለው ቤት ውስጥ ነው። እሱም ከዚያ በኋላ ስለ ዳርቻው ቤት አላነሳም።

ለእማማ ያቀረብንላቸው ሐሳብ ይህ ነው፦ ዋጋው ከጠየቁት ላይ የጣሪያው፣ የመብራቱና የቧንቧው ወጪ ይቀነስ፤ ገንዘብ የሚከፈለው ስም ሲዛወር ይሁን፤ እስከዚያ ቀብድ የለም። መጀመሪያ ተቆጡ። ኋላ ላይ ትልቁ ልጃቸው ከጅቡቲ ደውሎ ከእህቴ ባለቤት ጋር ረጅም ሰዓት ተነጋገረ፤ ወረቀቱ በሟች አባቱ ስም መሆኑን እንኳ እሱም አያውቅም ነበር። ወራሽነቱን ለማስወሰን ለፍርድ ቤት አመለከቱ። የጅዳዋ ልጅ ውክልና ደርሷል፤ የካናዳዋ ይቀራል።

እህቴ እስከዚያ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይታለች። በነሐሴ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሄዳ ቤቱን አየችው፤ በረንዳው ደረቅ ነው፣ በወጥ ቤቱ በኩል እንደተጠበቀው ያፈሳል። ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ጄሶ ሙሉ ነው፤ በእርሳስ የተጻፈው ቀንም ይነበባል። ግንበኛው እስከ ጥር ድረስ አትንኩት ብሏል።